ያልነደደውን ማን ይቆጥረዋል?

ውድ አንባቢ፣ መሐንዲስ ሲባል በሐሳብዎ የሚመጣው ምንድን ነው? ድልድይ፣ ግድብ፣ ፎቅ ወይም መንገድ እንደሚሆን እገምታለሁ። ልክ ነዎት፤ አብዛኞቹ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ እነዚህን ሠርተዋል። እኔ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ በመሐንዲስነት ስሠራ ለልጆቼ በጣቴ የማሳየው አንድም ግንብ የለኝም። የሥራዬ ፍሬ ያልነደደ ናፍጣ፣ በከንቱ ያልተለቀቀ እንፋሎትና ያልተቆረጠ ዛፍ ነው። ያልሆነ ነገር ደግሞ አይታይም፤ ሪባን አይቆረጥለትም፤ ፎቶግራፍም አይነሳም።

ስለዚህ ሥራ የምጽፍልዎ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ የማገኛቸው ወጣቶች ምን ብንማር ለአገር እንጠቅማለን ብለው ስለሚጠይቁኝ ነው። ሁለተኛው፣ ነገሩ ከፋብሪካ አጥር አልፎ እርስዎ ማድ ቤት ድረስ ስለሚገባ ነው።

ሥራው ምን ይመስላል?

የሙያው ስም የኢነርጂ ቁጠባ ይባላል። ስሙን የሰማ ሰው አምፖል ማጥፋት ብቻ ይመስለዋል። እኛ ግን ወደ አንድ ፋብሪካ ስንገባ በበሩ የገባውን ናፍጣ፣ የድንጋይ ከሰልና ኤሌክትሪክ እንመዘግባለን፤ ከዚያም እያንዳንዱ የት እንደ ደረሰ እንከታተላለን። ብልህ የቤት እመቤት የወሩ ደመወዝ የት እንደ ገባ ብር በብር ቆጥራ እንደምታውቀው ማለት ነው። ይህ ምርመራ የኢነርጂ ኦዲት ይባላል።

ምሳሌ ልስጥዎ። ጨርቅ የሚያቀልም ፋብሪካ ውሃ በቦይለር አፍልቶ እንፋሎት ይሠራል። እንፋሎቱ ሙቀቱን ሰጥቶ ሲጨርስ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ያ ውሃ ንጹሕ ነው፣ ትኩስም ነው። ሆኖም በብዙ ቦታ ወደ ቦይ ሲፈስስ አይቻለሁ፤ ቦይለሩም በምትኩ ቀዝቃዛ ውሃ ይሞላል። ወደ ቦይለር የሚገባው ውሃ ሙቀት በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ከነዳጁ 1 ከመቶ ያህል ይተርፋል። እንግዲህ ያስሉት፤ 20 ዲግሪ የነበረው ውሃ 80 ዲግሪ ሆኖ ቢገባ ከ10 ጀሪካን ናፍጣ አንዱ ተረፈ ማለት ነው። ራቁቱን የተዘረጋ የእንፋሎት ቧንቧም በሚገባ ቢሸፈን፣ የሚያባክነው ሙቀት በ90 ከመቶ ያህል ይቀንሳል።

ሁለተኛ ምሳሌ፤ የውሃ ፓምፕ። ብዙ ፋብሪካዎች የሚፈልጉት ትንሽ ውሃ ሆኖ ሳለ ትልቅ ፓምፕ ይተክሉና ቫልቩን በከፊል ይዘጉታል። ይህ ነዳጅ እየረገጡ ፍሬን እንደ መያዝ ነው። ቫልቩን ከፍቶ የሞተሩን ፍጥነት መቀነስ ይሻላል። ፍጥነቱ በ20 ከመቶ ብቻ ቢቀነስ፣ ፓምፑ የሚፈልገው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል። ይህን ትንሽ ነገር ነው እንዳይሉ፤ በዓለም ላይ ከሚመረተው ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉን የሚበሉት ሞተሮች ናቸው።

ሦስተኛው የታመቀ አየር ነው። ኮምፕሬሰር ከበላው ኤሌክትሪክ ውስጥ ጠቃሚ ሥራ ሆኖ የሚወጣው ከ10 እስከ 15 ከመቶው ብቻ ነው። በቸልታ በተያዘ ፋብሪካ ደግሞ ከዚያው አየር ከ20 እስከ 30 ከመቶው በየመጋጠሚያው ይሾልካል። ሌሊት ማሽኖቹ ሁሉ ቆመው፣ ገንዘብ ሲያፏጭ ቁጭ ብለን ያዳመጥንባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው።

የቦይለር ሠራተኛው የሚያውቀው

ከሁሉ በላይ የማልረሳው አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ። ስሙን አልጠቅስም። የነዳጅ ወጪው ከብዶት የሌሊቱን ፈረቃ ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። በዚያ ፈረቃ የሚሠሩት አብዛኞቹ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ እንፋሎት አልበቃንም ብሎ አዲስ ቦይለር ከውጭ ለማዘዝ ብድር እየጠየቀ ነበር። እኛ የተጠራነው የትኛው መጠን እንደሚሻል እንድንነግረው ነው።

ለሁለት ሳምንት ከለካን በኋላ ያገኘነው መልስ፣ አሮጌው ቦይለር ይበቃችኋል የሚል ሆነ። እንፋሎቱ እየተመረተ ነው፤ ማሽኖቹ ጋ ግን አይደርስም። ይህን በመሣሪያ ለክተን በወረቀት ስናቀርብ፣ ከኋላ ቆሞ የነበረው በዕድሜ የገፋ የቦይለር ሠራተኛ ፈገግ አለ። የሚያፈስሱትን ቦታዎች አንድ በአንድ በቃሉ ያውቃቸው ነበር። ለምን እንዳልተናገረ ስጠይቀው፣ "ማን ጠየቀኝ?" አለኝ።

የተሰበሩት ተጠገኑ፤ ቧንቧዎቹ ተሸፈኑ፤ ትኩሱ ውሃ ወደ ቦይለሩ እንዲመለስ ተደረገ። ፈረቃው አልተዘጋም። አዲስ ቦይለር ስላልተገዛ የምርቃት በዓል አልነበረም። እነዚያ እናቶች ግን በማግስቱ ሌሊት ወደ ሥራቸው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ የትኛውም ፋብሪካ ስገባ አስቀድሜ የማነጋግረው ከማሽኑ አጠገብ የሚውለውን ሰው ነው።

ከእኛ በፊት የቆጠሩ

ይህ ሥራ ትናንት የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1769 የእንፋሎት ሞተር ማሻሻያውን በስሙ ያስመዘገበው ጄምስ ዋት፣ ከሸሪኩ ከማቲው ቦልተን ጋር ሆኖ በእንግሊዝ አገር ከማዕድን ባለቤቶች ገንዘብ የተቀበለበት መንገድ ያስደንቃል። አዲሱ ሞተር ከአሮጌው ጋር ሲነጻጸር ያዳነው የድንጋይ ከሰል ይሰላና ከዋጋው ሲሶው ለእነርሱ ይከፈላቸው ነበር። ባልነደደ ከሰል ኖሩ ማለት ነው!

እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሲንር ዓለም እንደገና መቁጠር ጀመረ። በካሊፎርኒያ አርተር ሮዘንፌልድ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ የቀድሞ ምርምሩን ትቶ፣ ሕንጻዎችና የቤት ዕቃዎች ኃይል የሚያባክኑበትን መንገድ ማጥናት ያዘ። የእርሱና የባልደረቦቹ ጥናት ወደ ሕግ ተለወጠ። የተቀረው አሜሪካ የነፍስ ወከፍ የኤሌክትሪክ ፍጆታ ለአሥርተ ዓመታት ሲያድግ የካሊፎርኒያው ብዙም ሳይጨምር ቆየ። ነዳጅ የሌላት ጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ሕግ አውጥታ፣ ትላልቅ ፋብሪካዎች የኢነርጂ ኃላፊ እንዲሾሙና ፍጆታቸውን እንዲያሳውቁ አስገደደች። ጥበቡ ቀላል ነው፤ ስም ያለው ሰው ኃላፊ ካልሆነ ብክነቱ የማንም አይሆንም።

"አንተ የሠራኸው የትኛው ነው?"

እኔ የተወለድኩት በጌዴኦ፣ ከኮቸሬ ሬኮ አጠገብ ነው። በአዲስ አበባ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ ከዓመታት በኋላ አባቴን ለሕክምና ከዲላ ይዤው ስመጣ፣ አውቶቡሳችን በቆቃ ሐይቅ አጠገብ አለፈ። የቆቃ ግድብ በጦርነቱ ካሣ ጣሊያን በከፈለችው ገንዘብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፣ 43 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም የነበረው ግድብ ነው። ይህን አስረዳሁት። አባቴ ውሃውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተና፣ "ልጄ፣ ይህን የሠሩ ሰዎች ሥራቸው ይኸው ይታያል። አንተ የሠራኸው የትኛው ነው?" አለኝ።

ጥያቄው ስድብ አልነበረም፤ ልጁን በጎረቤት ፊት የሚያነሳበት አንድ ነገር ፈልጎ ነው። እኔም ስለ ቧንቧና ስለ ቫልቭ ልነግረው ሞከርኩ፤ በትሕትና አዳመጠኝ። መልሱ እንዳልደረሰው ግን ከፊቱ አየሁ።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት ይህን ጥያቄ ከባድ አደረጉብኝ። በ2001 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ መብራት በፈረቃ ሆነ፤ ፋብሪካዎች ቀን ቆጥረው ይሠሩ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ስለ ቁጠባ ሰማን፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሮጌ አምፖሎች ኃይል ቆጣቢ በሆኑ ተተኩ። አዳዲሶቹ ግድቦች ሥራ ሲጀምሩ ግን ነገሩ ተረሳ። ከ1998 ዓ.ም. እስከ 2011 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ታሪፍ አልተለወጠም ነበር። ርካሽ ነገርን ማን ይቆጥባል? አንድ ሥራ አስኪያጅ ሪፖርታችንን አገላብጦ፣ "ይህን ያህል ከምደክም ሂሳቡን ብከፍል ይቀለኛል" ሲለኝ የምመልስለት አልነበረኝም። ጎበዝ የሥራ ባልደረቦቼ አንድ በአንድ ወደ ሌላ መስክ ሄዱ።

ከመለኪያ መሣሪያ ወደ ፖሊሲ ያዞረኝ ይህ ነው። አንድ ፋብሪካ በጠገንን ቁጥር ሌሎች አሥር እያፈሰሱ ይቆማሉ፤ ደንብ ያስፈልጋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኢነርጂ ቁጠባን የመንግሥት ሥራ አድርጎ በሕግ አስቀመጠው፤ የኢትዮጵያ ኢነርጂ ባለሥልጣንም ይህን ኃላፊነት ይዞ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዝርዝሩን የያዘ ደንብ ተከተለ። በ2014 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ ከነዳጅ ዘርፍ ጋር ተጣምሮ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሆነ። ባለሙያዎች በእንዲህ ያለ ረቂቅ ላይ ስንቀመጥ አንዲት ቃል የሙሉ ቀን ክርክር ታስነሳለች። "ይችላል" ይባል ወይስ "አለበት"? ከውጭ ላለ ሰው ቀልድ ይመስላል፤ ለአንድ ፋብሪካ ግን ማፍሰስና መጠገን በዚያች ቃል ይለያሉ።

ሬኮ ያስተማረኝ

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቡና ወቅት ወደ ሬኮ ወረድኩ። አባቴ ዕድሜውን የፈጀው በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የመፈልፈያ ማሽን ኦፕሬተር ሆኖ ነው። ገበሬው ቀኑን ሲለቅም ውሎ ቀዩን እሸት ቡና ወደ ማታ ያመጣል። መፈልፈያው የሚሠራው በናፍጣ ሞተር ነበር። የልጅነቴ ትዝታ የሞተሩ ድምፅ ሳይሆን ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ያለው ጸጥታ ነው። አባቴ የመጨረሻው ከረጢት ተመዝኖ እስኪያልቅ ሞተሩን አያስነሳም። የቸኮለ ሰው ሲጎተጉተው፣ "ናፍጣው በሰው ጀርባ ነው የወጣው" ይል ነበር። ማሽኑ ሲጀምር ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ፍሬ ፈልፍሎ ወዲያው ይጠፋል።

ያን ጊዜ ነገሩ የገባኝ እንደ ቁጣ ነበር። አሁን በሙያዬ ሳየው፣ ያለ ጭነት የሚሽከረከር ሞተር ምንም ሳይሠራ ነዳጅ እንደሚበላ አባቴ ያለ መጽሐፍ ያውቅ ነበር። ጃፓን በሕግ ያስቀመጠችው የኢነርጂ ኃላፊ በሬኮ ሾሚ ሳይኖረው ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ማድረቂያውን ደግሞ ይመልከቱ። ታጥቦ የወጣው ቡና በእንጨት አልጋ ላይ በስሱ ይሰጣል፤ ሴቶች እያገላበጡ የተበላሸውን ይለቅማሉ፤ የቀትር ፀሐይ ሲበረታና ሲመሽ ይሸፍኑታል። በዚያ ጉዞዬ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ አሰላሁት። ከነገለፈቱ ያለ 1,000 ኪሎ እርጥብ ቡና 55 ከመቶው ውሃ ቢሆንና እርጥበቱ እስከ 11 ተኩል ከመቶ እንዲወርድ ብንፈልግ፣ 490 ሊትር ያህል ውሃ መትነን አለበት። ለዚህ ቢያንስ 330 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ያስፈልጋል። ይህን በማገዶ እንሥራው ብንልና ማድረቂያው ከሙቀቱ ሩቡን ብቻ ቢጠቀምበት፣ 330 ኪሎ ደረቅ እንጨት ይነዳል። ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ንጹሕ ቡና 400 ኪሎ ያህል ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ቡና አንድ ኪሎ የሚጠጋ እንጨት መሆኑ ነው! በሬኮ ግን ይህን ሙቀት ፀሐይና ነፋስ በነጻ ይሰጣሉ። ስለዚህም ከቡናው በላይ ያሉት ጥላ ዛፎች እስከ ዛሬ ቆመዋል። ዛፉ፣ እንሰቱና ቡናው ተደጋግፈው የሚኖሩበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ እኔ ያየሁት ያልነደደውን እንጨት ጭምር ነው።

ያን ማታ ስሌቱን ለአባቴ አነበብኩለትና፣ "አባዬ፣ እኔ የምሠራው አንተ በሞተሩ አጠገብ ስታደርግ ያየሁትን ነው፤ ልዩነቱ እኔ በየፋብሪካው እየዞርኩ ነው" አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና፣ "እንዲህ ብለህ ብትነግረኝ ኖሮ በቆቃ ጊዜ ይገባኝ ነበር" አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወደ ጌታ ሄደ።

"አሁን ግድቡ አልቋል፤ ለምን እንቆጥባለን?"

ይህን ጥያቄ በየቦታው እሰማለሁ፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ደስ ብሎኛል፤ እኔም እንደ እርስዎ ቦንድ ገዝቻለሁ። ሆኖም ሦስት ነገር ልብ ይበሉ።

አንደኛ፣ የአገራችን ፋብሪካዎች ትልቁን ሙቀት የሚያገኙት ከግድብ አይደለም። ሲሚንቶ በ1,450 ዲግሪ ገደማ የሚበስለው በአብዛኛው በድንጋይ ከሰል ነው፤ ብዙ ቦይለሮችም የሚነዱት በውጭ ምንዛሪ በሚገዛ ነዳጅ ነው። ሁለተኛ፣ ኤሌክትሪክ ከግድቡ እስከ ፋብሪካው ሲጓዝ በመንገድ ይቀንሳል። ስለዚህ በፋብሪካው ውስጥ የተረፈ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከግድቡ ሲታይ ከአንድ በላይ ነው። ሦስተኛና ዋናው፣ ከወገኖቻችን ግማሽ ያህሉ ገና መብራት የላቸውም። መቆጠብ ማለት ድሃው ይጨልምበት ማለት አይደለም፤ የሚሾልከው ተይዞ ለእርሱ ይድረሰው ማለት ነው።

ብልህ ሰዎች የሚያነሱት ሌላ ተቃውሞም አለ። እንግሊዛዊው ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ እ.ኤ.አ. በ1865 ሞተሮች ቆጣቢ በሆኑ ቁጥር የከሰል ፍጆታ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም ሲል ጽፏል። እውነት አለው። በእኛ አገር ግን የተረፈው ኃይል ተጨማሪ የሌሊት ፈረቃ ቢያሠራ ወይም የገጠር ወፍጮ ቢያዞር ልቅሶ አይደለም፤ በረከት ነው።

የተረፈውን መሰብሰብ

ጌታችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ብዙ ሺህ ሰው ካጠገበ በኋላ፣ የተረፈው እንዳይጠፋ ደቀ መዛሙርቱን እንዲሰበስቡ እንዳዘዛቸው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እናነባለን። ማብዛት የሚችለው እርሱ፣ ሞልቶ ሳለ መሰብሰብን አልናቀም። አሥራ ሁለቱን መሶብ ያስታወስን ስንቶቻችን ነን?

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ከቤትዎ ይጀምሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ያህል ይስባል፤ ብዙው የሚሄደው ሸክላውን ለማሞቅ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር በአንድ ጊዜ መጨረስ፣ ከተቻለም ከጎረቤት ጋር ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ መቀባበል ይሻላል። በማገዶ የሚጋግሩ ከሆነ ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ማገዶ ያተርፋል፤ ዓይንዎንም ከጭስ ያሳርፋል። የ60 ዋት አሮጌ አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን ዛሬ ከ10 ዋት በታች የሆነ ኤል ኢ ዲ አምፖል ይሰጣል። በቤተ ክርስቲያናችሁም ለጥቂት አምፖሎችና ለአንድ ድምፅ ማጉያ ትልቅ ጄኔሬተር የምታስነሱ ከሆነ፣ ናፍጣው አባቴ እንዳለው በሰው ጀርባ የወጣ የምእመናን መባ መሆኑን አስቡ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ የሚታይ ግንብ የማይተው ሙያ ቢመርጥ አትዘኑ። ወጣቶች ሆይ፣ ይህ መስክ ሠራተኛ አጥቷል። ሒሳብ የሚወድ፣ ከቦይለር ሠራተኛ አጠገብ ቁጭ ብሎ ለማዳመጥ የማያፍርና ሳይመሰገን መሥራት የሚችል ሰው ይፈልጋል። ደመወዙ ከሌላው አይበልጥም፤ ሌሊት እንቅልፍ ግን ይሰጣል።

እስከዚያው ዛሬ ማታ የኤሌክትሪክ ቆጣሪዎን ቁጥር ከነቀኑ በወረቀት ይጻፉ፤ ከወር በኋላም እንደገና ይጻፉ። ልጆችዎን አስጠርተው አብራችሁ ቀንሱት። የእኛ ሙያ የሚጀምረው ከዚያች ወረቀት ነው።